ሃያ ሦስቱ ነጥቦች

ሳሊሃ ሀሰኖ ሥራዋ ሳል ማዳመጥ ነበር። ለሚጠይቃት ሰው ግን እንዲያ አትልም፤ «ዳታ አናሊስት ነኝ፤ ተላላፊ በሽታ ምርምር ላይ» ብላ ታልፋለች። ቡራዩ ገበያው ዳር የቆርቆሮና የቀለም ሱቅ ያላቸው አባቷ አቶ ሀሰኖ ደግሞ ነገሩን ማብራራት ሲደክማቸው «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው» ብለው ይገላገሉ ነበር።

ጥናቱ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች በሦስቱ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችን የሚከታተል ነበር። ሕሙማኑ መድኃኒቱን በሚወስዱባቸው ስድስት ወራት በሳምንት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ይመጡና ነርሷ በምትይዝላቸው ስልክ ላይ ይስላሉ። ድምፁ በኢንተርኔት ሳሊሃ ዘንድ ይደርሳል። እሷ አዲስ አበባ መሀል ባለ አንድ የምርምር ተቋም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የበሩን ሲጥሲጥታ፣ የሕፃኑን ልቅሶ፣ የሚኒባሱን ጥሩምባ እየቆረጠች ታወጣና ሳሉን ብቻ ታስቀራለች። ትቆጥረዋለች፤ ርዝመቱን ትለካለች። የሚፈለገው መልስ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ሲሠራና ሳይሠራ የሰው ሳል ይለያያል ወይ? የሚለያይ ከሆነ ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ሁሉ ስልክ የያዘ ጤና ሠራተኛ ማን እየዳነ ማን እየባሰበት እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል። ሳሊሃ በዚህ ታምን ነበር፤ ለዚህም ነው ከባንክ ሥራ ለቃ የመጣችው።

የሕሙማኑ ስም አይደርሳትም። የሚደርሳት ከከተማቸው ስም ጋር የተሰጣቸው ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታና የቤታቸው አቀማመጥ ነው። ሆኖም አንድን ሰው በየሳምንቱ ሲስል የሰማ ጆሮ ስም አያስፈልገውም። ቡራዩ ስድስት የምትባለው ስላ ስትጨርስ ሁሌ ለራሷ የምታጉረመርም አሮጊት ናት። ሱሉልታ ሠላሳ ሦስት ከመሳሉ በፊት ደረቱ ያፏጫል። ሰበታ አርባ አንድ ደግሞ ስልኩ ሲቀርብለት መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል፤ «አከም ጅርቱ፣ ወረ ቢሮ» ይላል፤ እንደምን ናችሁ፣ የቢሮ ሰዎች ማለቱ ነው። ከዚያ ይስላል። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት መሆኑን ከቅጹ ታውቃለች። ሳሊሃ ቡራዩ ሱቅ ውስጥ ያደገች ስለሆነች ኦሮምኛው እንደ አማርኛዋ ነው፤ የመጀመሪያ ዕለት ስትሰማው ሳታስበው ድምፅ አውጥታ መለሰችለትና አጠገቧ ያሉት ሳቁባት።

ደንቡ ከሳል በፊትና በኋላ የተነገረ ቃል ሁሉ ተቆርጦ ይጥፋ ይላል፤ ድምፅም ማንነት ነውና። ሳሊሃ መቁረጡን ትቆርጣለች። የአርባ አንድን ሰላምታ ግን መጣሉ አላስችል ብሏት በራሷ ኮምፒውተር ላይ «ትርፍ» የሚል ፎልደር ከፍታ እዚያ ታኖረው ጀመር። ማንንም የሚጎዳ አልመሰላትም።

የሁለት ሺህ ስምንት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነገር ዓለሙ ተለወጠ። ማስተር ፕላን የሚለው ቃል ቀድሞም በየሰዉ አፍ ነበር፤ ከተማዋ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ይባላል። አሁን ግን ተማሪው ወጣ፤ ጎማ ተቃጠለ፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ። አቶ ሀሰኖ የሱቃቸውን መዝጊያ እስከ ወገባቸው ዝቅ አድርገው መነገድ ያዙ። የሚኒባስ ረዳቶች «ቡራዩ» ብለው ሲጣሩ «መንገድ ካለ» የሚል ጨመሩበት። ሳሊሃ ጠዋት የወጣችበትን መንገድ ማታ ተመልሳ ታገኘው እንደሆነ ሳታውቅ ሥራ ትሄድ ነበር።

ሳሎቹም መጉደል ጀመሩ። በሳምንት ስልሳ ይመጣ የነበረው ድምፅ ሠላሳ ሆነ፤ ከዚያ አሥራ አንድ። ሰዉ ጤና ጣቢያ መምጣት አቁሟል። የቲቢ መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው ይማራል፤ መድኃኒቱን ይለምደውና እንደገና ሲነሳ በቀላሉ አይመለስም። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ተክሉ ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ እንቅልፍ አጥተው ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ሕሙማኑን «ልጆቻችን» ነበር የሚሏቸው።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ተክሉ መጥተው ሳሊሃ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ። በማግሥቱ ጠዋት ሰበታ ላይ ከጤና ቢሮና ከቀበሌ ሰዎች ጋር ስብሰባ እንዳለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መድኃኒቱን ቤት ለቤት እንዲያደርሱ ሊያስፈቅዱ እንደሆነ ነገሯት። ሰበታ ላይ ያቋረጡት ሃያ ሦስት ሰዎች ናቸው። የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ አሁኑኑ ያስፈልጋል።

ካርታው ለሳሊሃ የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው። እየሠራች ሳለ አባቷ ደወሉ፤ አሸዋ ሜዳ ጋ መንገዱ ሊዘጋ ነው፣ አሁን ካልወጣሽ እዚያው ታድሪያለሽ አሏት። ሰዓቱን አየች፤ ዘጠኝ ከሃምሳ ይላል። ሃያ ሦስቱ ነጥቦች ከነቁጥራቸው፣ ከነዕድሜያቸውና ከነጾታቸው ስክሪኑ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ የቀረ ነገር ነበር። ካርታ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ነጥብ ከትክክለኛ ቦታው ሦስት መቶ ሜትር ያህል በዘፈቀደ እንዲዛነፍ ደንቡ ያዛል፤ ያየው ሰው ቤቱን ለይቶ እንዳያውቅ። ይህን የሚያደርገውን ትንሽ ፕሮግራም የጻፈችው ራሷ ናት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አልተጠቀመችበትም።

በኋላ ለብዙ ጊዜ ራሷን የጠየቀችው ይህንን ነው፤ ረስቼው ነው? ቸኩዬ ነው? እውነቱን ግን ታውቀዋለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ፣ ነጥቦቹ ከተዛነፉ እኮ መድኃኒት የያዘችው ልጅ የማታውቀው ሰው ቤት ልታንኳኳ ነው ብላ አስባ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አስባ፣ ካርታውን እንዳለ ለዶክተር ተክሉ ላከችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሚኒባስ አገኘች። ቤቷም በሰላም ገባች፤ አባቷም «አልሐምዱሊላህ» ብለው በሩን ዘጉ።

በተከታዩ ሰኞ ከሰበታ አሥራ አራት ድምፆች መጡ። መድኃኒቱ ቤት ለቤት ደርሷል፣ ሳሉም በየቤቱ ተቀድቷል ማለት ነው፤ ሳሊሃ ደስ አላት። አርባ አንድም ነበረበት፤ በራሱ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሰላምታውን ሰጥቶ ስሎ ነበር።

ከዚያ ሰበታ ጭጭ አለች። በሁለተኛው ሳምንት የጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ደራርቱ ደወለች። ደራርቱ ቀልደኛ ናት፤ ያን ዕለት ግን እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ቀጥ ባለ ድምፅ ነበር የምትናገረው። ስብሰባው ላይ የማታውቃቸው ሦስት ሰዎች ኋላ ተቀምጠው ነበር። ካርታው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ታየ። አንዱ በፍላሽ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ተሰጠው። ሰኞ መድኃኒቱ ታደለ። ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ የጸጥታ ሰዎች ሰፈሩን ከበው ወጣት ለቀሙ። ከሃያ ሦስቱ ሰባቱ የሉም፤ ሰባቱም ወንዶች፣ ሁሉም ከሠላሳ ዓመት በታች። የት እንደተወሰዱ ሰው አያውቅም።

ደራርቱ የደወለችበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ቅጹ ላይ ያለው ምርጫ አራት ነው፤ ዳነ፣ ሞተ፣ ተዛወረ፣ ጠፋ። የትኛውን ልሙላ ብላ ጠየቀች። ሳሊሃ «ጠፋ በያቸው» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሳሊሃን ጆሮዋ አላስቀምጥ አላት። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ሰው ሲስል ትዞራለች። ገበያ መሀል ታክሲ ስትጠብቅ ከሕዝቡ ውስጥ አንድ የምታውቀው ሳል ትሰማና ሰው እየገፋች ትሄዳለች፤ ስትደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። ቢሮ ውስጥ የሰኞውን የአርባ አንድን ድምፅ ደጋግማ ከፈተችው። ከሳሉ በስተጀርባ፣ ከክፍሉ ውጭ፣ አንድ ወንድ አጭር ነገር ይናገራል። ሳሉን ትታ ያንን ድምፅ ማጥራት ያዘች፤ ጩኸቱን ቀነሰች፣ ከፍ አደረገች፣ አዘገየች። አንዳንድ ቀን «ይሄ ነው» የሚል ይመስላታል። ለደራርቱ በስልክ አሰማቻት፤ ደራርቱ ጎረቤቱ አህያውን ሲያናግር ነው አለች። ሳሊሃ ግን በማግሥቱም ከፈተችው፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን «ትርፍ» የሚለውን ፎልደር ከነሙሉው አጠፋችው። ድምፁ ግን ከጆሮዋ አልጠፋም።

ወሩ ጥር ሆነ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ታወጀ፤ የታሰረው ግን አልተፈታም፤ መንገዱም ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ሳሊሃ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ የምታውቀው ሥራ ይህ ነውና ከሥራዋ የመጣ ሐሳብ ነበር። ሰፈሩ ሲለቀም የተወሰዱት ካርታው ላይ ካሉ ቤቶች ብቻ አይደለም። ነጥብ ከሌላቸው ቤቶችም በዚያው መጠን ተወስዶ ከሆነ ካርታው ምንም አላደረገም ማለት ነው። ስለዚህ መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለት ቅዳሜ ደራርቱን አስከትላ፣ የቤት ለቤት ክትትል የሚል ቅጽ ይዛ ሰበታ ሰፈሩን አካለለች። ነጥብ የሌላቸው ስልሳ ቤቶች ገባች፤ ሃያ ሦስቱንም ገባች። በየቤቱ ወጣት ወንድ ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንደቀረ ጠየቀች። ሰዉ ለመናገር ይፈራል፤ ለደራርቱ ግን ይናገራል።

አርባ አንድ የተባለው ልጅ ቤት የደረሱት በሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። በር የከፈቱላቸው ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡ አክስቱ ወይዘሮ ጠጅቱ፣ በኦሮምኛው አደ ጠጅቱ ናቸው። የልጁ ስም ኢፋ መሆኑን ሳሊሃ ያን ዕለት ሰማች። ከጊንጪ በኩል መጥቶ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ መታወቂያው የአገሩ ነው፤ ሰበታ ቀበሌ አልተመዘገበም። ጓሮ፣ ከከብቱ በረት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይተኛ ነበር። ደራርቱ ጥናቱ ሲጀመር የቤቱን አቀማመጥ ስትመዘግብ፣ ከዋናው ቤት ቆርቆሮ ሥር ጂፒኤሱ አልሠራ ብሏት ጓሮ ዞራ የዚያች ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር የያዘችው። ሳሊሃ ያቺን ነጥብ በዓይነ ሕሊናዋ አየቻት፤ ልክ በሩ ላይ ነበረች።

አደ ጠጅቱ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ጠየቁ።

«የጎረቤቶቼን በር ሲደበድቡ ሰምቻለሁ። የእኔን አልነኩም። ዞረው በጓሮ ነው የገቡት። እዚያ ሰው እንዳለ ማን ነገራቸው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ማን ሊነግራቸው ይችላል?»

ሳሊሃ ቅጹን እያየች «አላውቅም፣ አደ ጠጅቱ» አለች። ያቺን «አላውቅም» ከአፏ እንደወጣች ጠላቻት።

እሑድ ዕለት ቤት ተቀምጣ ቁጥሩን አሰላች። ነጥብ ባላቸው ቤቶች ከነበሩት አሥራ ስድስት ወጣቶች ሰባቱ ተወስደዋል። ነጥብ በሌላቸው ቤቶች ከነበሩት ሠላሳ ስምንት ወጣቶች ዘጠኙ። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ካርታ ባይኖርም እንዲህ ያለ ልዩነት ከመቶው ጊዜ አሥራ አራቱን ያህል እንዲሁ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሠራችው። ይህ ቁጥር የሌላ ሰው ጥናት ቢሆን «ማስረጃው በቂ አይደለም» ብላ ጽፋ ወደሚቀጥለው ገጽ ታልፍ ነበር። ቁጥሩ አልፈረደባትም፤ ነፃም አላወጣትም። ላፕቶፑን ዘጋች።

ሰኞ ጠዋት ለዶክተር ተክሉ ነገረቻቸው። ነጥቦቹን ሳላዛንፍ ነው የላክሁት አለቻቸው። ዶክተሩ ተነስተው የቢሮአቸውን በር ዘጉ። ለራሳቸው ፈርተው እንደሆነ ታውቋታል፤ ፍላሹን የሰጡት እሳቸው ነበሩ።

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

አልነገረችም።

«እንግዲያው አትንገሪ። ጥናቱ ይቁም ቢባል ስልሳ ሰው ነው የሚጎዳው። ሲያልቅ እኔ ራሴ አቀርበዋለሁ።»

ሳሊሃ ዝም ልትል ተስማማች፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። ሰባቱ ሰዎች መድኃኒት ሳያገኙ ታጭቀው ከታሰሩ አጠገባቸው ያለው እስረኛም ጠባቂውም በበሽታው እንደሚያዝ የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ይጻፍ አለች። ቁጥሮቹን እሷ አወጣች፤ ዶክተር ተክሉ ፈረሙ። በሰው በሰው ከተጠየቀ በኋላ ሰዎቹ ያሉበት ማሠልጠኛ ካምፕ ታወቀ። ደብዳቤውንና የሰባቱን ሰው መድኃኒት በፌስታል ቋጥረው በር ላይ የቆሙት አደ ጠጅቱ ናቸው። ሁለት ጊዜ መለሷቸው፤ በሦስተኛው ተቀበሏቸው። የተቀበለው ሰው ለልጆቹ ያድርስ አያድርስ ማወቂያ መንገድ አልነበረም።

በሚያዝያና በግንቦት አንድ አንድ እያሉ ተለቀቁ። ስድስቱ ተመለሱ። ሰበታ አሥራ ስምንት የሚባለው፣ የሽማግሌው የኦቦ ቱፋ ልጅ፣ አልተመለሰም፤ ከስድስቱ ሁለቱ እስከ የካቲት አብረውት እንደነበሩ፣ ከዚያ ታሟል ተብሎ ወጥቶ እንዳላዩት ተናገሩ። የኢፋ አክታ ሲመረመር በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል። ከመታሰሩ በፊትም የነበረ ይሁን፣ ከተቋረጠው መድኃኒት የመጣ ይሁን፣ ላቦራቶሪው ሊለይ አልቻለም። ሳሊሃ ውጤቱን ስታነብ፣ ሊታወቅ የማይችለው ነገር ሁሉ ለምን እኔ ላይ ይቆለላል አለች በሆዷ።

አባቷ ምን ሆነሽ እያሉ ደጋግመው ስለጠየቋት አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ሀሰኖ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሆን ብለሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። መድኃኒቱ ቤቱን እንዲያገኝ ብዬ ነው፣ ግን ደንቡን አውቀው ነበር አለች። አልተቆጧትም፤ አላጽናኗትም። የሰው ሐቅ ያለበት ሰው አላህን ብቻ ለምኖ እንደማይድን፣ ባለሐቁ ዘንድ ሄዶ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ማለት እንዳለበት ነገሯት፤ ቀጥለውም ደንበኛ ስለመጣ ምስማር ሊመዝኑ ተነሱ።

ሳሊሃ መጀመሪያ ለተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጻፈች። አራት ገጽ ነበር፤ ስለ ፎልደሩም ጭምር ጻፈች፤ ለዶክተር ተክሉም አንድ ቀን አስቀድማ ሰጠቻቸው። ጥናቱ ለሁለት ወር ቆመ። እሷ ከመረጃው ሥራ ተነስታ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ዶክተር ተክሉ ሥራ ለቀው ሄዱ፤ ሲሰናበቱ ሁሉንም ጨበጡ፤ እሷ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ደንቡ ጠበቀ፤ ካርታ የሚባል ነገር ከግቢው እንዳይወጣ ተከለከለ። የወጣውን ካርታ ግን የሚመልሰው አልተገኘም።

ኢፋን ለማግኘት የቻለችው ዓመቱ ዞሮ፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ ኅዳር ላይ ነው። ሰበታ መኖር ፈርቶ ሱሉልታ አጎቱ ዘንድ ተጠግቶ፣ መድኃኒት ለለመደ ቲቢ የሚሰጠውን መርፌ እዚያው ጤና ጣቢያ ነበር የሚወስደው። አደ ጠጅቱም ሊያስታምሙት አብረውት ነበሩ። ሳሊሃ የእንጦጦን ቁልቁለት ወርዳ ሜዳው ላይ ስትደርስ ብርዱ ፊቷን ገረፋት፤ የታጨደው ሣር በየቦታው ተከምሯል። መንገድ ላይ ሳለች የምትለውን በኦሮምኛ ስታጠና ነበር የመጣችው።

ልጁ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ለወራት ድምፁን ስትሰማ በዓይነ ሕሊናዋ የሳለችው ሰው ረጅም ነበር፤ ይህ አጭርና ቀጭን ነው። ሰላምታ ስትሰጠው አፏን አየና ጆሮውን ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። አደ ጠጅቱ አስረዷት፤ መርፌው ነው፤ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ መስማት እየቀነሰ ሄዶ አሁን ጨርሶ አይሰማም።

ሳሊሃ ያጠናችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። ኢፋ የተማረው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው፤ እሷ ደግሞ ኦሮምኛን ትናገራለች እንጂ ጽፋው አታውቅም። ጉልበቷ ላይ አድርጋ እየሰረዘች እየደለዘች ጻፈች፤ የምትተኛባትን ክፍል ካርታ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ መደበቅ ነበረብኝ፤ አልደበቅሁም፤ ካርታው የማይገባ ሰው እጅ ገባ። በዚያ ምክንያት ተይዘህ ይሁን አይሁን አላውቅም።

እየተንተባተበ፣ ፊደሏ የጎደለበት ቦታ እያቆመው አነበበ። ጨርሶም እንደገና ከላይ ጀመረ። ሲናገር ድምፁን መለካት ስለማይችል ግቢው ሁሉ የሚሰማው ጮክ ያለ ድምፅ ነበር።

«ስንት ሰው?»

ሰባት ብላ ጻፈች።

«ሁሉም ተመለሱ?»

ስድስት።

«ወረቀት ይዘው ነበር» አለ ኢፋ። «ምን እንዳለበት አላየሁም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረውት ነበር።»

አፉ በለኝ የሚለውን ጻፈችለት። ለዚህ ቃል ኦሮምኛው አልመጣ ብሏት በአማርኛ ነበር የጻፈችው። አየውና ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

«ይሄን አሁን አልመልስልሽም» አለ።

ስትነሳ አደ ጠጅቱ እንደ ወጉ ሊሸኟት ነጠላቸውን አድርገው አብረዋት ወጡ። አስፋልቱ ጋ ለመድረስ በሣር ክምሮቹ መሀል የሚሄድ ቀጭን መንገድ አለ። ምን ጽፈሽለት ነው እንዲያ የሆነው ብለው ጠየቋት። ካርታ ነው አለች ሳሊሃ። የምን ካርታ፣ የእኔ ቤት ካርታ የለውም አሉ፤ የይዞታ ወረቀቱን መስሏቸው ነው። ሳሊሃ ቆመችና በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። ማን ነገራቸው ብለው ባለፈው ጥር ጠይቀውኝ ነበር፤ ምናልባት የነገርኋቸው እኔ ነኝ አለቻቸው።

አደ ጠጅቱ አልጮኹም፤ አልተራገሙም። ከግማሽ መንገድ ዞሩና በመጡበት ተመለሱ። ሳሊሃ ቤቱ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ቆማ አየቻቸው። አንዴም ወደኋላ አላዩም።

በዚያው ወር ሌሎቹን አምስቱን በየቤታቸው ሄደች። አንዱ ይቅር ብሎ ምሳ አበላት። አንዱ ደጁን ዘጋባት። አንዱ ደግሞ ካርታም ኖረ አልኖረ ይወስዱኝ ነበር፣ ድንጋይ ስወረውር አይተውኛል ብሎ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ለጥቂት ቀን ቀለል አድርጎላት ነበር። ኢፋ በኋላ ሕክምናውን ጨርሶ ዳነ፤ መስሚያው ግን አልተመለሰም። አልመልስልሽም ያለውንም አልመለሰላትም።

የቀረው ሰባተኛው ቤት ነበር። ወደ እሱ መሄዱን ከሳምንት ሳምንት ገፋችው፤ የተመለሰ ሰው በሌለበት ቤት አፉ የሚላት ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰበታ ወርዳ የኦቦ ቱፋን አጥር አንኳኳች። ሽማግሌው ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያው፣ ቀበሌው፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሲቀመጡ የከረሙ ናቸው። ቅጽ ይዛ በየቤቱ ስትዞር አይተዋት ስለነበር ወዲያው ለዩዋት። ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነስተው በሁለት እጃቸው እጇን ያዙ።

«ተገኘ?» አሏት።

«አልተገኘም፣ ኦቦ ቱፋ» አለች። እጇን አልለቀቁም። ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እሷም ከዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።